ዱካው በማይታይበት ጊዜ፦ ግራ ለገባው ምእመን ከተሞክሮ የተጻፈ

ግራ የገባው ሰው ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚሳሳተው ጸሎት በማብዛት ነው። ይህ ለጆሮ ይከብዳል፤ ነገር ግን በአገልግሎት ዓመታት ከተጨነቁ ሰዎች ጋር የተቀመጠ ሁሉ ያውቀዋል። ትናንት አቡነ ዘበሰማያትን እንኳ በጥድፊያ ይል የነበረ ሰው መከራ ሲመጣበት ሰኞ ማለዳ ተነሥቶ ውዳሴ ማርያም፣ ሰይፈ ሥላሴ፣ ሦስት አራት ድርሳን፣ በዚያ ላይ ዳዊት እደግማለሁ ይላል። ማክሰኞም ይበረታል። ሐሙስ እንቅልፍ ይጥለዋል። ቅዳሜ መጽሐፉን ሲያይ ይሸማቀቃል። ከዚያ በፊተኛው ጭንቀት ላይ «ጸሎቴንም አቋረጥሁ፤ እግዚአብሔርም ተቀየመኝ» የሚል ሌላ ሸክም ይደረብበታል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው በጸሎትም ያው ነው።

ይህን የምጽፈው በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ለሚኖር ምእመን ነው፤ ሌላው ክርስቲያንም የሚጠቅመውን ያገኝበታል። በእግዚአብሔር መታመን ነገሩ ሳይገለጥልን የያዝነውን አለመልቀቅ ነው። ለዚህ ደግሞ በደከመ እጅ ሊያዝ የሚችል ትንሽ ነገር ያስፈልጋል። ቀጥሎ ያለው ሁሉ ያንን ትንሽ ነገር እንዴት እንደሚይዙትና ከእጅ የሚያስጥለው ምን እንደሆነ ነው።

የቤተ ክርስቲያን የጸሎት ጊዜያት በቀን ሰባት ናቸው፦ ነግህ፣ ሠለስት፣ ቀትር፣ ተሰዓት፣ ሠርክ፣ ንዋምና መንፈቀ ሌሊት። በጭንቀት ጊዜ የሚጀምር ሰው ከሰባቱ ሁለቱን፣ ነግህንና ንዋምን፣ ማለትም የማለዳውንና የመኝታውን ይያዝ። ማለዳ ስልክ ሳይነካ ፊቱን ታጥቦ ወደ ምሥራቅ ዞሮ ይቁም። አማትቦ «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ» ይበል፤ አቡነ ዘበሰማያትና በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል ያድርስ፤ ከዳዊት አንድ መዝሙር ያንብብ፤ 12 ጊዜ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ይበል፤ በመጨረሻም ጭንቀቱን በራሱ ቃል፣ በሁለት በሦስት ዓረፍተ ነገር ለእግዚአብሔር ይንገር። ሁሉም ከዐሥር ደቂቃ አይበልጥም። ማታም ያው ነው። ይህን 40 ቀን ሳይጨምር ሳይቀንስ ይጠብቀው።

ሳይጨምር የምለው በምክንያት ነው። ልብ በተነካበት ቀን የተጨመረው ልብ በደረቀበት ቀን ዕዳ ይሆናል። ጠዋት ያመለጠውን ማታ እጥፍ አድርጎ ማካካስም አይጠቅም፤ የማታውን ብቻ አድርሶ መተኛት ነው። ተኝቶ መጸለይ ለሕሙም ተፈቅዷል፤ ለጤነኛ ሰው ግን ብዙ ጊዜ በእንቅልፍ ያልቃል።

ከሁሉ የሚያስቸግረው የመጨረሻው ክፍል፣ በራስ ቃል መንገሩ ነው። ሁለት ዓረፍተ ነገር ተብሎ የተጀመረው ሳይታወቅ አንድ ሰዓት ይሆናል፤ ሰውም የሚጸልይ መስሎት ሐሳቡን ሲያመነዥክ ያነጋል። መለያው ቀላል ነው፤ ያንኑ ነገር ለሦስተኛ ጊዜ ስንለው ከተሰማን ጸሎቱ አልቋል፣ የቀረው ጭንቀት ነው። እዚያ ላይ አማትቦ መውጣት ነው። ሌላው ደግሞ በጥቅሉ አለመናገር ነው። «ጌታ ሆይ ችግሬን ታውቃለህ» እውነት ነው፤ «የሦስት ወር የቤት ኪራይ አለብኝ፣ አከራዬ እስከ ወሩ መጨረሻ ብሎኛል» ማለት ግን ልብን ያሳርፋል። ዳዊትም ጠላቶቹን፣ አጥንቱን፣ እንቅልፉን፣ እንባውን እየዘረዘረ ነው የጸለየው።

ከ40 ቀን በኋላ አቅም ያለው ቀትርን ወይም ተሰዓትን ይጨምር። ቀትር ጌታ የተሰቀለበት፣ ተሰዓት ነፍሱን የሰጠበት ሰዓት ነው። ወንጌሉ ከስድስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምድር ጨለመች ይላል (ማቴ 27፥45)። ደቀ መዛሙርቱ ከእነዚያ ሦስት ሰዓታት የባሰ ግራ የገባቸው ጊዜ አልነበረም፤ የዓለም ድኅነት ግን እየተፈጸመ የነበረው በዚያው ጨለማ ውስጥ ነው። ቢሮ ወይም ሱቅ ያለ ሰው መቆም ባይችል እንኳ በልቡ አቡነ ዘበሰማያት ይበልና ያንን ያስብ።

ወደ ዳዊት እንምጣ። ዳዊት 150 መዝሙር ሲሆን ዐሥር ዐሥሩ አንድ ንጉሥ ስለሚባል 15 ንጉሥ አለው። የለመደ ሰው በሳምንት ይፈጽመዋል፦ ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60፣ ረቡዕ ከ61 እስከ 80፣ ሐሙስ ከ81 እስከ 110፣ ዓርብ ከ111 እስከ 130፣ ቅዳሜ ከ131 እስከ 150፣ እሑድ ጸሎተ ነቢያትና መኃልየ መኃልይ። ለጀማሪ ግን፣ በተለይ ለተጨነቀ ጀማሪ፣ ይህ ብዙ ነው። ሰባት መዝሙር መርጦ በየቀኑ አንዱን፣ ጠዋትም ማታም ያንኑ ማንበብ ይሻላል። በ40 ቀን እያንዳንዱ ቢያንስ ዐምስት ቀን ይደርሰዋል፤ ቃሉ በአፍ መልመድ የሚጀምረውም ያን ጊዜ ነው።

ቁጥሩ ላይ ብዙ ሰው ስለሚምታታ አስቀድሜ ልናገር። በዕብራይስጡ 9ኛና 10ኛ የሆኑት በግእዙ ዳዊት አንድ መዝሙር ናቸው፤ ስለዚህ ከዚያ በኋላ ያለው አብዛኛው መዝሙር በግእዙ በአንድ ቁጥር ያንሳል። «እግዚአብሔር ይሬእየኒ ወአልቦ ዘየኀጥአኒ» በግእዙ 22 ነው፤ በሌሎቹ 23 ሆኖ ይገኛል። እዚህ የምጠቅሰው በግእዙ ቁጥር ነው። ሰኞ 12፣ ማክሰኞ 41፣ ረቡዕ 72፣ ሐሙስ 76፣ ዓርብ 87፣ ቅዳሜ 129፣ እሑድ 22።

12ኛው «እስከ ማእዜኑ እግዚኦ» ብሎ ይጀምራል፤ እስከ መቼ ነው የምትረሳኝ ማለት ነው። ይህን ለእግዚአብሔር መናገር ድፍረት የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። ሲያዝኑ «ተመስገን» ብቻ ማለት አለብን ብለው አፋቸውን ይዘጋሉ፤ ውስጣቸው ግን ይቆጣል። ቤተ ክርስቲያን «እስከ መቼ»ን በየሳምንቱ ሰኞ ስትደግመው ኖራለች። መዝሙሩ አጭር ነው፤ ጥያቄውን ደጋግሞ ከጠየቀ በኋላ መጨረሻው ላይ «እኔ ግን በምሕረትህ ታመንሁ» ይላል። በመካከል የተለወጠ ነገር የለም፤ ጠላቱ አልሸሸም፣ መልስም አልመጣለትም። መታመኑ ከጥያቄው ቀጥሎ የመጣ ነው፤ ጥያቄውን ዘሎ አልመጣም።

41ኛው ነፍሱን «ለምን ታዝኛለሽ?» እያለ ይጠይቃታል፤ ይህ ጥያቄ በ41ኛውና በ42ኛው ውስጥ ሦስት ጊዜ ተመላልሷል። አንድ ጊዜ ተናግሮ ያልተጽናና ሰው ሦስተኛ ጊዜ ቢናገር አያፍርም ማለት ነው። 72ኛው የክፉዎች መደላደል ግራ ያጋባው ሰው መዝሙር ነው፤ እግሩ ሊንሸራተት ምንም አልቀረውም ነበር፤ ነገሩን የተረዳው ወደ እግዚአብሔር መቅደስ በገባ ጊዜ ነው። ስለዚህ ረቡዕ፣ ከተቻለ፣ ማለዳ ለኪዳን ጸሎት ደብር መድረስ ጥሩ ነው። ሥራ የሚከለክለው ሰው ከሥራ ሲወጣ ዐፀዱ ውስጥ ገብቶ ሩብ ሰዓት ዝም ብሎ ይቀመጥ።

76ኛውን ከሁሉ አብልጬ የምመክረው ነው። ጸሐፊው ሌሊት እንቅልፍ አጥቶ «እግዚአብሔር ለዘላለም ይጥላልን? ምሕረቱስ ተቋረጠችን?» እያለ ጥያቄ ይደረድራል። ከዚያ የቀድሞውን የእግዚአብሔርን ሥራ፣ ሕዝቡ በባሕር መካከል ያለፈበትን ቀን ያስባል። እግዚአብሔር መንገዱ በባሕር ውስጥ ነው፣ ዱካው ግን አልታወቀም ይላል። ውኃ ላይ የተረገጠ ዱካ አይታይም፤ ሕዝቡ ግን ተሻግሯል። ሐሙስ ማታ ይህን ካነበቡ በኋላ ቀድሞ ያለፉትን አንድ ባሕር በወረቀት መጻፍ ይረዳል፦ መቼ እንደነበር፣ ያን ጊዜ ምን ፈርተው እንደነበር፣ በማን በኩል እንደተሻገሩ። ሦስት መስመር ይበቃል።

87ኛው ከሌሎቹ ይለያል። ወዳጅ እንኳ እንደራቀ፣ አንድም የመጽናኛ ቃል ሳይናገር ያልቃል። ዓርብ ላይ ያደረግሁት ስለ ስቅለቱ ነው። ይህን አንብቦ «ታዲያ ምን ጠቀመኝ?» የሚል ይኖራል። ጥቅሙ፣ ምንም ብርሃን ያልታየው ሰው ጸሎት በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ቦታ ማግኘቱን ማወቅ ነው።

ሥርዓተ ጸሎቱን ከያዙ በኋላ፣ ጥያቄውን ከመፍታት በፊት መብልና እንቅልፍ ይቀድማል። ቀዳማዊ ነገሥት 19ን ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ኤልያስ በቀርሜሎስ ድል ካደረገ በኋላ ሸሽቶ ምድረ በዳ ገባና ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሞትን ለመነ። እግዚአብሔር ያን ጊዜ አልገሠጸውም፤ ስለ እምነት ማነስም አላስተማረውም። አስተኛው። መልአኩ ቀስቅሶ በፍም የተጋገረ እንጎቻና በገንቦ ውኃ ሰጠው፤ በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ። ሁለተኛ ቀሰቀሰው፤ «መንገዱ ይበዛብሃልና ብላ» አለው። «በዚህ ምን ታደርጋለህ?» የሚለው ጥያቄ የመጣው ከሁለት እንቅልፍ፣ ከሁለት ምግብና ከ40 ቀን ጉዞ በኋላ ነው። መልሱም የሥራ ዝርዝር ነበር፦ ተመለስ፣ አዛሄልን ቅባ፣ ኢዩን ቅባ፣ ኤልሳዕን ቅባ። ለበኣል ያልሰገዱ ሰባት ሺህ ሰዎች እንደቀሩም የሰማው ያን ጊዜ ነው። እንግዲህ ሌሊት ሦስት ሰዓት ብቻ እየተኛ፣ ከቡና በቀር ሳይቀምስ ውሎ «የእግዚአብሔርን ፈቃድ እየፈለግሁ ነው» የሚለውን ሰው መጀመሪያ ምሳ ማብላት ነው።

ቀጥሎ ወረቀት። ዘዳግም 29፥29 ምስጢሩ ለእግዚአብሔር፣ የተገለጠው ግን ለእኛና ለልጆቻችን ነው ይላል። አንድ ገጽ ለሦስት ክፈሉ፦ የማውቀው፣ የማላውቀው፣ የእኔ ያልሆነው። ወንድሙ የታመመበት ሰው በመጀመሪያው «ሕክምናው ሁለት ወር ይፈጃል፤ ያለኝ ገንዘብ ይህን ያህል ነው፤ ማክሰኞ ቀጠሮ አለው» ብሎ ይጽፋል። በሁለተኛው «መድኃኒቱ ይስማማው አይስማማው»። በሦስተኛው «ዕድሜው»። ጭንቀት ሦስቱን አንድ ላይ ስለሚቋጥራቸው ነው የሚከብደው። ሲለያዩ በመጀመሪያው ክፍል ሁልጊዜ ዛሬ የሚሠራ ነገር ይገኛል፤ የማክሰኞውን ቀጠሮ መሄድ። ሁለተኛው ክፍል ላይ የሚጠየቅ ሰው ይኖራል፤ ሐኪም፣ የሕግ ባለሙያ፣ ሽማግሌ። ሦስተኛው ማታ በጸሎት ጊዜ ጮክ ተብሎ ይነበብና ወረቀቱ ዳዊቱ ውስጥ ታጥፎ ይቀመጣል።

ይህ ወረቀት ወደ ንስሐ አባት ሲሄዱም ይያዛል። ብዙዎቻችን የንስሐ አባት አለን፤ በዓመት አንድ ጊዜ ጠበል ሊረጩ ቤት ሲመጡ እናያቸዋለን፣ በመከራ ጊዜ ግን ወደማያውቀን ሰው እንሮጣለን። ከዚህ የባሰው አንዱ አባት የመከረንን ለሌላው፣ የሌላውን ለሦስተኛው እያዞርን የምንፈልገውን የሚነግረን እስክናገኝ መዞር ነው። ግራ መጋባቱን የሚያበዛው ይህ ነው። አንድ አባት ይበቃል። ኃጢአትን አስቀድሞ መናገር፣ ከዚያ ጥያቄውን፤ ጥያቄውም አንድ ይሁን። «ምን ይታይዎታል?» ብሎ መጠየቅ ግን ካህኑን ባለ ራእይ ማድረግ ነው። ጥሩ የንስሐ አባት እንዴት እንደሚይዘው ለማሳየት ያህል፦

«አባቴ ይፍቱኝ።»
«እግዚአብሔር ይፍታሽ ልጄ። ምነው ከሳሽ?»
«ቤቱን ልሽጥ አልሽጥ ግራ ገብቶኝ ነው። ምን ይታይዎታል?»
«ለእኔ የሚታየኝ የለም። ቤቱ የማን ነው?»
«የእናታችን ነበር። ሦስት ነን።»
«ወንድሞችሽ ምን አሉ?»
«አልነገርኋቸውም።»

ከዚህ በኋላ ራእይ አያስፈልግም። ብዙ ግራ መጋባት ሥሩ ሲፈተሽ ያልተነገረ ነገር፣ ያልተከፈለ ዕዳ፣ ያልተጠየቀ ይቅርታ ይገኝበታል። ሁሉም እንዲህ ነው አልልም፤ ምንም ሳያጠፋ የሚጨልምበት ሰው አለ፣ ኢዮብ ምስክር ነው። ለዚህ ነው ወደ ካህን መሄድ የሚሻለው፤ ሰው ራሱን ሲመረምር ወይ ራሱን ያለ በደሉ ይከሳል፣ ወይ ግልጹን ይዘለዋል።

ምልክት ስለ መፈለግ ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ወደ ጠንቋይ መሄድ፣ ኮከብ ማስቆጠር፣ ክታብ ማሠር በዘዳግም 18 በግልጽ የተከለከለ ስለሆነ አላስረዝመውም። የሚያሳስበኝ መንፈሳዊ መልክ ያለው ነው። መጽሐፍ ቅዱስን በዘፈቀደ ከፍቶ ጣት ያረፈበትን ጥቅስ «መልሴ» ማለት። በየሌሊቱ ሕልም ማስፈታት፤ ሲራክ ሕልምን የሚከተል ሰው ጥላን እንደሚጨብጥ፣ ነፋስንም እንደሚያሳድድ ነው ይላል። በስልክ «ትንቢት» እየሰሙ ገንዘብ መላክ። ጌዴዎን ምልክት የጠየቀበትን ፀምር፣ የበግ ጠጉሩን (መሳፍንት 6) ጠቅሶ «ነገ ዝናብ ከዘነበ ሥራውን እተወዋለሁ» ማለት፤ ጌዴዎን ግን ፀምሩን ከማኖሩ በፊት ትእዛዙን በግልጽ ሰምቶ ነበር፤ ምልክት የጠየቀው ከፍርሃት እንጂ ከጸና እምነት አልነበረም፣ እግዚአብሔር ግን ታገሠው።

ከሁሉ ስውር የሆነው ደግሞ «ሰላም ተሰማኝ» የሚለው መለኪያ ነው። እግዚአብሔር የሰላም እንጂ የሁከት አምላክ አይደለም (1ኛ ቆሮ 14፥33) የሚለውን ጠቅሰው፣ ልቤ ከተረበሸ ነገሩ ከእግዚአብሔር አይደለም ይላሉ። ጳውሎስ ያን የጻፈው በቆሮንቶስ ጉባኤ ሁሉም በአንድ ጊዜ እየተናገሩ ስለተረበሹ ነው፤ ስለ ግል ስሜት አልጻፈም። ዮናስ ከእግዚአብሔር ፊት እየሸሸ፣ ማዕበሉ መርከቡን ሊሰብር ሲል፣ ከታች ገብቶ ከባድ እንቅልፍ ተኝቶ ነበር። ጌታችን በጌቴሴማኒ የአብን ፈቃድ ሲፈጽም ግን ላቡ እንደ ደም ነጠብጣብ ወረደ። መረጋጋት የትክክለኛ መንገድ ማረጋገጫ ቢሆን ኖሮ ዮናስ ልክ ነበር። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት፣ ይህ መንገድ ትእዛዝ ያፈርሳል? ሰው ይጎዳል? የገባሁትን ቃል ያስበላኛል? የሚለው ነው። ሁለቱም መንገዶች ንጹሕ ከሆኑ፣ ተማክሮ አንዱን መያዝና ሥራውን መቀጠል ነው፤ በዚያ ውስጥ ኃጢአት የለም።

ስለ ስዕለት። በጭንቀት ሌሊት የተሳለ ስዕለት ጠዋት ይከብዳል። ቁልቢ ገብርኤል ለታኅሣሥ ወይም ለሐምሌ 19 እደርሳለሁ ብሎ ተበድሮ የሚሄድ፣ ከዚያም ዕዳው ቤቱን የሚበጠብጠው ሰው ጥቂት አይደለም። መጽሐፈ መክብብ ተስሎ ከመቅረት አለመሳል ይሻላል ይላል (5፥4-5)። መሳል የፈለገ ሰው ስዕለቱ በእጁ ካለው ነገር ይሁን፤ መጠኑንና ጊዜውን ይጻፈው፤ የሌላ ሰው ንብረት ወይም የልጁን ሕይወት አይሳል። የዮፍታሔን ታሪክ (መሳፍንት 11) ያነበበ ምክንያቱን አያጣውም። የተሳለው ከአቅሙ በላይ ሆኖበት የተጨነቀ ሰው ደግሞ በዝምታ ከመቃጠል ለንስሐ አባቱ ይንገር።

ጾምም ያው ነው፤ የራስን ጾም ከመፍጠር የታወጀውን በትክክል መጾም ይበልጣል። ረቡዕና ዓርብ አሉ። የነነዌ ጾም ሦስት ቀን ነው። በ2015 ዓ.ም. ጥር ወር ከቅዱስ ሲኖዶስ ዕውቅና ውጭ የጳጳሳት ሹመት ተደርጎ ምእመኑ ሁሉ ግራ ሲጋባ፣ የሲኖዶሱ ጥሪ የነነዌን ጾም ጥቁር ለብሶ በጸሎት ማሳለፍ ነበር። በዚያ ሁሉ ሁከት መካከል የተያዘው አዲስ ነገር አልነበረም፤ በየዓመቱ የሚጾመው ሦስት ቀን ነው።

ሱባኤ ለመግባት የሚያስብ አንድ ሱባኤ ሰባት ቀን መሆኑን ይወቅ፤ ብዙ ሰው የሚገባው ከነሐሴ 1 እስከ 15 ባለው በፍልሰታ ነው። ያለ ንስሐ አባት ምክር አይገባም። ምግቡ ቆሎ፣ በሶ፣ ዳቦና ውኃ ይሆናል። ቡና የለመደ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ራሱን ክፉኛ ሊያመው ይችላል፤ ብዙዎችም ፈተና መስሏቸው ይደነግጣሉ። ከመግባት ሦስት አራት ቀን በፊት ቡናውን እየቀነሱ፣ ውኃ እያበዙ መግባት ነው። ስልክ ቤት ይቀር። ከሱባኤ በወጡበት ማግሥት ትልቅ ነገር አይወሰን፤ ሰውነት ደክሟል፣ ልብም ተነሥቷል። አንድ ሳምንት በተለመደው ኑሮ ውስጥ ከቆየ በኋላም ሐሳቡ ያው ከሆነ፣ ያን ጊዜ ለአባት ይነገራል።

ግራ መጋባት በሽታ የሚሆንበት ጊዜም አለ። ከሁለት ሳምንት በላይ እንቅልፍ ከጠፋ፣ ምግብ ካስጠላ፣ ሌላው የማይሰማው ድምፅ ከተሰማ፣ ወይም ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣ፣ በዚያው ቀን ለቤተሰብ ተነግሮ ወደ ጤና ተቋም ይኬዳል፤ አዲስ አበባ ላለ ሰው አማኑኤል ሆስፒታል አለ። ሰውየው ብቻውን አይተው። ለጠበል ብሎ መድኃኒት ማቋረጥ ሰው ገድሏል። ሲራክ 38 ሐኪምን አክብር፣ እርሱንም እግዚአብሔር ፈጥሮታልና፣ መድኃኒትንም ከምድር አውጥቷል ይላል። አቡነ ጳውሎስ በፓትርያርክነታቸው ዘመን ጠበልና የኤች አይ ቪ መድኃኒት እንደማይጋጩ፣ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታ እንደሆኑ በይፋ አስተምረዋል። የስኳር፣ የሚጥል በሽታ ወይም የአእምሮ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ስለ ጾሙ አስቀድሞ ከሐኪሙና ከንስሐ አባቱ ጋር ይነጋገር፤ መድኃኒት ስለ መውሰዱም አይፈር።

ከተጨነቀ ሰው አጠገብ ላላችሁ ደግሞ፦ የኢዮብ ሦስት ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አንድ ቃል ሳይናገሩ አብረውት መሬት ላይ ተቀመጡ። የደግነታቸው ጥግ ያ ነበር። እግዚአብሔር የተቆጣቸው ምክንያቱን ሊያስረዱት አፋቸውን ከከፈቱ በኋላ ነው። ልጅ ለሞተባት እናት በሦስተኛው ቀን «ለበጎ ነው» አይባልም። «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ይበቃል። ከዚያ ውኃ መቅዳት፣ ልጆቿን ትምህርት ቤት ማድረስ፣ ከ40ው በኋላ ለቅሶ ደራሹ ሁሉ ሲበተን ቡና ይዞ መምጣት። ከልባችሁ ልትጸልዩላት ከሆነ በየትኛው ሰዓት እንደምትጸልዩ ንገሯት፤ «እጸልይልሻለሁ» ከሚለው ይልቅ «ማታ ማታ በሦስት ሰዓት» የሚለው ያጽናናል።

በመጨረሻ በዐረብ አገር በሰው ቤት ለምትሠሩ እኅቶች። ሳውዲ ዐረቢያ ቤተ ክርስቲያን የለም፤ ቆሞ ለመጸለይ እንኳ ክፍል የማይገኝበት ቤት አለ። ሐና በቤተ መቅደስ ስትጸልይ ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር፣ ድምፅዋ አይሰማም፤ እግዚአብሔር ሰማት (1ኛ ሳሙ 1፥13)። ዕቃ እያጠቡም 12 ጊዜ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ይባላል፤ በጣት መገጣጠሚያ ይቆጠራል። ስልክ በሚከለክል ቤት እንዲጠቅማችሁ ከሰባቱ መዝሙር 12ኛውንና 22ኛውን አስቀድማችሁ በቃል ያዙ፤ ሁለቱም አጫጭር ናቸው። ቅዳሴ የምትናፍቁ ከሆነ፣ የሳውዲ ሰዓት ከኢትዮጵያ ጋር አንድ ነው፤ እሑድ ማለዳ በደብራችሁ ቅዳሴ ሲገባ እናንተም በዚያው ሰዓት በልባችሁ አብራችሁ መቆም ትችላላችሁ። ዱባይ ያላችሁ አንድ ሰዓት ትቀድማላችሁ። ከእናታችሁ ጋር አንድ ሰዓት ተስማሙ፣ ለምሳሌ ሠርክን፣ በኢትዮጵያ ከቀኑ 11 ሰዓት። እርሷ ቤቷ ቆማ፣ እናንተም ወጥ ቤት ሆናችሁ አንድ አቡነ ዘበሰማያት። መደወል በማይቻልበት ሳምንትም ሰዓቱን አትቀያይሩት።